ለፏፏቴው የቆመ ሰው

ፎቶ አንሺው በሕይወቱ ፏፏቴ አይቶ አያውቅም፤ ከፏፏቴ ፊት ያላቆመው ሰው ግን የለም። ሙሽሮችን አቁሟል፣ ተመራቂዎችን አቁሟል፣ ጥርስ ያላበቀሉ ሕፃናትን ትራስ አስደግፎ አስቀምጧል። ፏፏቴው በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የተንጠለጠለ የታተመ ሸራ ነበር። ሥራ ሲጀምር ከሌላ ስቱዲዮ ነው የገዛው። ከመብራቱ ብዛት ሸራው እያደር ቢጫ ሆነና ደንበኞች ማሾፍ ጀመሩ። አንዷ፣ ይሄ ውኃ ነው ወይስ ሻይ ብላ ጠየቀችው። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ እዚያ ፊት ከምቆም ሳልነሳ ብቀር ይሻለኛል ብሎት ወጣ።

ከሁሉም የሚብሰው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነበር። ሁለቱን የሥራ ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይለዋል። ልብስ ሰፊው ፀጉሩ ግማሽ በግማሽ የሸበተ፣ ሳቁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ፎቶ አንሺው "ጋሼ" ይለዋል። እሱ ደግሞ ፎቶ አንሺው ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ስለሚያርገበግብ "ፍላሽ" የሚል ስም አውጥቶለታል።

ፎቶ አንሺው ለደንበኛ መብራት ሲያስተካክል ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ያኔ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመጣና በደንበኛው ፈንታ ከሸራው ፊት ይቆምለታል። "ወደ ግራ ጋሼ… አገጭህን ቀና… ትንሽ ወደ ኋላ… ትንሽ ደግሞ…" ይለዋል። ልብስ ሰፊው ዞሮ ሳያይ፣ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ ወደ ኋላ ይሄዳል። ምን ሊያይ? ከኋላው ያለው ሸራ ነው፤ ከሸራው በኋላ ግድግዳ ነው። ይህን ስንት ዓመት እንዳደረጉት ሁለቱም አያስታውሱም።

አንድ ቀን ፎቶ አንሺው፣ ካሜራ በእጄ ይዤ የሰው ፏፏቴ ለምን እገዛለሁ ብሎ ተነሣ። ራሱ አንስቶ በትልቁ ሊያሳትም አሰበ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ፏፏቴ እንዳለ ሰምቷል። ልብስ ሰፊውንም አብሮት እንዲሄድ ለመነው። ሰው ከፊቱ ካልቆመ ልኩ አይታወቅም፤ በግምት ያነሣሁት እንደሆነ ታትሞ ሲመጣ ሙሽራዋ ከፏፏቴው በልጣ ቁጭ ትላለች አለው። ልብስ ሰፊው በዚህ በጣም ሳቀና እሺ አለ።

የልብስ ሰፊው ሚስት ግን አልሳቀችም። መንገዱን ማን ያውቀዋል፣ ምን ትበላላችሁ፣ በየትኛው ጫማ ነው የምትሄዱት ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ፎቶ አንሺው አንዱንም በቅጡ አልመለሰላትም።

"እትዬ፣ ሽርሽር እኮ ነው" አላት። "ለምሳ ጋሼን በእጅሽ አስረክብሻለሁ።"

ለካሜራው ያላዘጋጀለት ነገር አልነበረም። ትርፍ ባትሪዎች ሞላ፣ የሌንሱን መጥረጊያ ጨርቅ አጠበ፣ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ዘይት ቀባ፤ ብርሃን ለማለዘብ የሚጠቀምበትን ነጭ ጃንጥላ እንኳ አልረሳም። ባትሪዎቹ ሶኬቱን ስለያዙበት የእጅ ስልኩ ሳይሞላ አደረ። ለሁለቱ ሰዎች የያዘው ደረቅ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ውኃ ነበር። በእግሩ ያደረገው ሁልጊዜ ስቱዲዮ የሚውልበትን፣ ሶሉ የሳሳ የቆዳ ጫማ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ሱሪውን ቢላ እስኪመስል ተኩሶ አውቶቡስ ተራ ጠበቀው። ፎቶ አንሺው ከላይ እስከ ታች ሲያየው፣ "ምነው፣ ፎቶ አይደል እንዴ የምነሣው?" አለው።

አውቶቡሱ አውላላ ሜዳ ላይ አወረዳቸው። ሾፌሩ ፏፏቴው የት እንደሆነ ሲጠይቁት በአገጩ አንድ ጉብታ አሳያቸውና ከዚያ ጀርባ ነው አላቸው። ከጉብታው ጀርባ ሌላ ጉብታ ነበር። ከዚያኛው ጀርባ ገደላ ገደል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ውኃው አልቋል፣ ዳቦው ደግሞ ያለ ውኃ አልዋጥ ብሏል። እንጨት የተሸከመች ሴት አገኙና ደርሰናል ወይ አሏት። ጫማቸውን አየችና፣ ገና ናችሁ ብላ እየሳቀች አለፈች።

ልብስ ሰፊው ነጩን ጃንጥላ ዘርግቶ እንደ ወይዘሮ እየተንጎራደደ ያስቀው ነበር። ትንሽ እንደሄዱ የፎቶ አንሺው ቀኝ ጫማ ሶል ተገንጥሎ እንደ ምላስ መንጠልጠል ጀመረ። ፎቶ አንሺው መንገዱ ዳር ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። ልብስ ሰፊው ግን አጠገቡ ተንበረከከ፤ ከረባቱን ከአንገቱ ፈታና ሶሉን ከጫማው ጋር አዙሮ ጥርቅም አድርጎ አሰረለት።

"እንዲህ ያለ ጫማ ከነከረባቱ አይተህ ታውቃለህ?" አለው። "አሁን አንተም ዘንጠሃል።"

የውኃውን ድምፅ የሰሙት ቀኑ ጋደል ካለ በኋላ ነው። ጥቂት ቁልቁል ወርደው ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉ ፏፏቴው ፊት ለፊታቸው ቆመ። ፎቶ አንሺው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሸራው ይህን ድምፅ አልነገረውም፤ ይህን ቅዝቃዜም አልነገረውም። ነገር ግን ለመደነቅ ጊዜ አልነበረውም። ከማዶ ያለው ገደል ጥላ በውኃው ላይ እየወጣ ነበር፤ ብርሃኑ የቀረው ለጥቂት ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊው እግሬን አንዴ ላሳርፍ ቢለው እንኳ፣ በኋላ ጋሼ፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው አለው። ከውኃው ፊት ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይም ላከው።

ልብስ ሰፊው ኮቱን ቆለፈና ቆመ። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ካሜራው ላይ ለጠፈ። በካሜራው ውስጥ ሲታይ የልብስ ሰፊው ራስ ውኃው ከታች የሚፈነዳበትን ቦታ ሸፍኖት ነበር። ጥቂት ቢርቅ ሥዕሉ ልክ ይመጣ ነበር።

"ወደ ግራ ጋሼ" አለ። "አገጭህን ቀና… ትንሽ ወደ ኋላ… ትንሽ ደግሞ…"

ልብስ ሰፊው ዞሮ ሳያይ፣ እጁን ሳይዘረጋ ወደ ኋላ ሄደ።

ከዚያ በካሜራው ውስጥ ሰው አልነበረም። ፏፏቴው ብቻውን፣ ሳይሸፈን፣ ብርሃን እንደ ለበሰ ቀረ። የፎቶ አንሺው ጣት የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ወዲያው ነፋስ የውኃውን ርጭት አምጥቶ ካሜራውን አለበሰው። ፎቶ አንሺው ሌንሱን ጠረገ፣ ከደነ፤ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ዚፑን ዘጋ፣ ቦርሳውን ርጭቱ የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ። እጁ ሥራውን ያውቅ ነበር። ሮጦ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊው ከታች ጠጠሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ክንዱ ከሥሩ ገብቷል፤ ከጆሮው በላይ ደም ይወርዳል። ቢጠራው አይሰማም። ፎቶ አንሺው ስልኩን አወጣ፤ ስልኩ ሞቷል። ያኔ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። የእርሻ ሰዎች ሰምተው መጡ፤ ቃሬዛ አበጅተው እየተፈራረቁ ተሸክመው መንገድ አወጡት፣ የጭነት መኪናም አስቁመው አሳፈሯቸው። ለምሳ አስረክባለሁ የተባለው ሰው ከመሸ በኋላ ሆስፒታል ገባ።

ልብስ ሰፊው በማግሥቱ ነቃ። ክንዱ ተሰብሯል፤ ሌላው አካሉ ደህና ነው። ትዝታው ግን መንገድ ላይ ተቆርጧል። ከረባቱን ፈትቶ ጫማ ማሰሩን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። ሐኪሙ ሚስቱና ፎቶ አንሺው ባሉበት፣ ከመውደቁ በፊት አዞረኝ ብሎ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

ፎቶ አንሺው፣ "ድንገት ነው የወደቀው" አለ።

"አዞረው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?" አለች ሚስቱ። "ሳይበላ ወጣ፣ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ሰው እንዲሁ ቆሞ ሳለ ይወድቃል?"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ፎቶ አንሺው ወለሉን አየ። አንድም ውሸት አልተናገርኩም ብሎ ራሱን አባበለ። እውነቱንም አልተናገረም ነበር፤ ዝምታው ግን በእሱ ፈንታ ተናግሮለታል።

ክንዱ ዳነ። ልብስ ሰፊው ግን አልዳነም። ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ አለመገኘቱ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው። ለምን እንዳዞረው ካልታወቀ መቼ እንደሚያዞረው በምን ያውቃል? በጋለ ካውያ ላይ ቢደፋስ? መርፌው ጣቱ ላይ እያለ ዓይኑ ቢጨልምስ? ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መሄድ ጀመረ። ሚስቱ ክንዱን ደግፋ ሽንት ቤት ታመላልሰዋለች። ያ ሳቁ ጠፋ። የምሩንም ያዞረው ጀመር፤ ከወንበር በተነሣ ቁጥር ቤቱ እንደሚዞርበት ይናገራል።

ፎቶ አንሺው ብርቱካን ይዞ ይጠይቀዋል። ገና ከበሩ ሲገባ ሚስቱ ተነሥታ ወንበር ታቀርብለታለች፤ ባሌን ከገደል ያወጣልኝ ይኼ ነው እያለች ለእንግዳ ታስተዋውቀዋለች። ልብስ ሰፊውም እጁን ይዞ ይመርቀዋል። ምርቃቱ ፎቶ አንሺውን እሾህ እንደ መዋጥ ይሆንበታል። በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ዛሬ እነግረዋለሁ ይላል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ወኔው ይከዳዋል።

በዚህ መሐል ፏፏቴው ታትሞ መጣ። ከተሰቀለ ጀምሮ ስቱዲዮው ሰው አጥቶ አያውቅም። ደንበኞች ሸራውን በእጃቸው እየነኩ፣ ውኃው ሊያረጥበን ነው ይላሉ። ራስህ ነህ ያነሣኸው ሲሉት አዎ ይልና ወደ መብራቱ ይዞራል። መብራት ሲያስተካክል የሚቆምለት ስለሌለ ኮት መስቀያ ያቆማል። ግድግዳውን ሊመታ ጣቱን አንስቶ የመለሰበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ቀን የልብስ ሰፊው ሚስት ስቱዲዮው ድረስ መጣች። የሥራ ክፍሉን ልንለቅ ነው፣ ቅዳሜ ቁልፉን ለባለቤቱ እናስረክባለን፣ የስፌት መኪናውን ስናወጣ እጅህን አውሰን አለችው። ፎቶ አንሺው እሺ አላት።

ቅዳሜ ሲገባ ልብስ ሰፊው በባዶው ክፍል መሐል አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሚስቱ ቁራጭ ጨርቆቹን በአንሶላ ትቋጥራለች። የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። ልብስ ሰፊው ትልቁን መቀስ በጨርቅ ጠቅልሎ ለፎቶ አንሺው ዘረጋለት።

"ይህቺን አንተ ያዛት" አለው። "እኔ ጋ ብትሆን ምን ትሠራልኛለች? አንተ እንኳ ወረቀትህን ትቆርጥባታለህ።"

ፎቶ አንሺው እጁን አልዘረጋም።

"ጋሼ፣ አላዞረህም" አለ።

"ምኑ?"

"ያን ቀን። አላዞረህም። እኔ ነኝ ወደ ኋላ በል ያልኩህ። እንደ ስቱዲዮው መስሎኝ… ራስህ ውኃውን ሸፍኖብኝ ነበር። ትንሽ ወደ ኋላ አልኩህ፣ ደግሞ ትንሽ አልኩህ።"

"ከዚያስ?"

"ሄድክ።"

"ሳላይ?"

"መቼ አይተህ ታውቃለህ?"

ልብስ ሰፊው በሐሳቡ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ራሱን የሚፈልግ ይመስል ነበር። ቀስ ብሎ እጁን ከግድግዳው ላይ አነሣ።

"ስለዚህ ደህና ነኝ?"

"ደህና ነህ።"

"እስቲ ድገመው።"

ደገመለት። ልብስ ሰፊው ያለ ምርኩዝ እስከ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ከዚያ ያ ከሰውነቱ የሚበልጠው ሳቅ መጣ፤ እንባውም አብሮ መጣ። ፎቶ አንሺው ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለጥፊም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ልብስ ሰፊው መቀሱን ከጨርቁ እየፈታ፣ እኔን ዓይነት ቂል፣ ደህና እግር ይዤ ግድግዳ ስዳብስ ከረምኩ አለ።

ሚስቱ ግን ከቋጠረችው አንሶላ ላይ ተቀመጠች።

"ክንዱን ይዤ ሳመላልሰው ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር" አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ብርቱካን ይዘህ እየመጣህ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበር አቅርባለት አታውቅም።

ቁልፉ ለባለቤቱ ሳይሰጥ ቀረ። ልብስ ሰፊው ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰዉ ግን በቀላሉ አላመነም። ዘመዱ ሁሉ፣ ደንበኛው ሁሉ፣ አይ እሱ ደህና ለመምሰል ነው፣ የዞረበት ሰው መቼ ይተወዋል እያለ ልብስ ለማሰፋት ያመነታ ነበር። ስለዚህ ልብስ ሰፊው እንግዳ በመጣ ቁጥር በግድግዳው በኩል ይጣራል።

"ፍላሽ፣ ና እስቲ ንገርልኝ።"

ፎቶ አንሺው ይሄዳል፤ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። መጀመሪያ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ኋላ በል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ይልና ይወጣ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ይህ አይበቃውም። ጫማውን ንገራቸው፣ ከረባቱን ንገራቸው ይላል። እየቆየ ፎቶ አንሺው መተረኩን ለመደው። ወንበር እንደ ካሜራ ያቆማል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሰዉ መሳቅ ይጀምራል። አንድ ቀን፣ "ትንሽ ደግሞ" ከማለቱ በፊት ሳቁ እንዲደምቅ ትንፋሹን ያዝ ሲያደርግ ራሱን አገኘው። ያን ቀን ስቱዲዮው ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ደንበኛ ሲጠብቀው ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሰው የገደል ጠርዝ ላይ ያቆመበትን ነገር ማጣፈጫ ጨምሮበት እየሸጠው ነበር። ካሜራውን ወደ ቦርሳው የከተተበትንም ለማንም አልተናገረም። ትረካው ላይ ልብስ ሰፊው ይወድቃል፣ ወዲያው የእርሻ ሰዎች ይመጣሉ። በመሐሉ ያለው ጊዜ የለም።

የመጨረሻው አድማጭ የልብስ ሰፊው ሚስት ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ነው። ሰውየው ቶሎ የሚስቅ ዓይነት አይደለም። ፎቶ አንሺው ወንበሩን አቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተረከለት። ሚስቲቱ ጥግ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ በየቦታው ከሁሉም ቀድሞ ይስቃል። ሲጨርስ ሰውየው ሳይስቅ ጠየቀ፦ ሲወድቅ አንተ ምን አደረግክ?

"እንዴ፣ ምን ያደርጋል?" አለ ልብስ ሰፊው በፎቶ አንሺው ፈንታ። "ገደሉን ዘሎ ደረሰልኝ እንጂ። ይሄ ልጅ በዚያ ጫማ እንዴት እንደወረደ ሳስበው ይገርመኛል።"

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በዚሁ ሊያልፍ ነበር።

"አልዘለልኩም" አለ ፎቶ አንሺው።

ሁሉም አዩት።

"መጀመሪያ ካሜራውን ጠረግኩ። ርጭት ነክቶት ነበር። ከድኜ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳውን ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ነው የወረድኩት።"

የሚስቲቱ መርፌ ቆመ። ልብስ ሰፊው ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ ፊቱ ለመለወጥ ጊዜ ወሰደበት።

"ዚፑንም ዘጋኸው?" አለ።

"ዘጋሁት።"

"እኔ እዚያ ታች ሆኜ።"

"አንተ እዚያ ታች ሆነህ፣ ጋሼ።"

ማንም አልተናገረም። ከመንገድ የመኪና ጥሩንባ ተሰማና ጠፋ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳብ አድርጎ አወረደ፤ በጣቱ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። ፎቶ አንሺውን አላየውም።

"ይህቺን ለሌላ ሰው አትንገራት" አለው በቀስታ።

ፎቶ አንሺው ይህ ለእሱ ማዘን ይሁን፣ ወይስ ልብስ ሰፊው በራሱ አፍሮ፣ ከአንድ ካሜራ አንሶ መታየቱን ሰው እንዳይሰማበት ፈልጎ ይሁን ሊለየው አልቻለም። ሊጠይቀው አፉን ከፈተ። ልብስ ሰፊው ግን ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን ሱሪ ርዝመት መለካት ጀምሮ ነበር።